ከማደንዘዣ መንቃትና በደማችን ያሉ ማዕድናት

ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ቀጠሮ የተያዘላቸው ሰዎች ደጋግመው ከሚጠይቁን ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ባልነቃስ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኛው ሰው ግን መንቃት ሲባል ዓይንን መግለጥ ብቻ ይመስለዋል። ከአጠቃላይ ማደንዘዣ ለሚወጣ ሰው ሁለት ነገሮች መመለስ አለባቸው፤ አንዱ አእምሮው ነው፣ ሌላው ጡንቻው። ሁለቱ ደግሞ የግድ አብረው አይመለሱም። ሰው ነቅቶ፣ ስሙ ሲጠራ እየሰማ፣ ጡንቻው ግን ገና ሙሉ በሙሉ ሳይመለስለት ሊቆይ ይችላል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ይህን የጡንቻ መመለስ ነው፤ በተለይም በደማችን ውስጥ ያሉት ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት መመለሱን ለምን እንደሚያዘገዩት፣ ታካሚና ቤተሰብም ለሐኪም ምን መናገር እንዳለባቸው እንመለከታለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቀዶ ሕክምና ሁሉ ጡንቻን በሚያላላ መድኃኒት አይሠራም። በጀርባቸው በሚሰጥ መርፌ ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘው የሚታከሙ ሰዎች፣ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ከሚወልዱ እናቶች አብዛኞቹ፣ ይህ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ቁስል ለመስፋት ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ የሚወጉትም እንዲሁ። ጉዳዩ የሚመለከተው ሙሉ በሙሉ እንዲተኙ ተደርጎ፣ በጉሮሯቸው ቱቦ ገብቶላቸው፣ በመሣሪያ እየተነፈሱ የሚታከሙትን ነው። ሆድ ሲከፈት የሆድ ግድግዳ ጡንቻ ከተወጠረ ቀዶ ሐኪሙ አንጀቱን ለማየትም ለመስፋትም ይቸገራል። የመተንፈሻ ቱቦውም ጉሮሮ ካልላላ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ እንደ ቬኩሮኒየም፣ ሮኩሮኒየምና አትራኩሪየም ያሉ ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች በደም ሥር ይሰጣሉ። መድኃኒቶቹ እጅና እግርን ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ ጡንቻዎችንም ጭምር ያቆማሉ። የልብ ጡንቻ ግን በእነርሱ አይቆምም።

የመድኃኒቶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከደቡብ አሜሪካ ደን ነው። የአካባቢው አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ኩራሬ በተባለ የዕፅ መርዝ ይቀቡ ነበር፤ የተወጋው እንስሳ ልቡ እየመታ መተንፈስ አቅቶት ይወድቃል። እ.አ.አ. በ1942 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ሃሮልድ ግሪፊትና ኢኒድ ጆንሰን የተባሉ ሐኪሞች ከዚሁ መርዝ የተጣራ መድኃኒት በቀዶ ሕክምና ላይ ለነበረ ታካሚ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የማደንዘዣ ሕክምና መልኩ ተለወጠ። ትልቁ ጥያቄ ግን ማቆሙ ሳይሆን መመለሱ ሆነ።

ነርቭና ጡንቻ እንዴት ይነጋገራሉ?

ነርቭና ጡንቻ የተጣበቁ ይመስለናል እንጂ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍተት አለ። አእምሮ «ተንፍስ» ብሎ ያዘዘው ትእዛዝ በነርቭ በኩል መጥቶ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ አሲታይልኮሊን በተባለ ኬሚካል ይሻገራል። አሲታይልኮሊንን እንደ መልእክተኛ ቁጠሩት። መልእክተኛው ክፍተቱን ተሻግሮ በጡንቻው ላይ በተዘጋጀለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያም አንድ ኢንዛይም መልእክተኛውን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ያለዚያ ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀር ነበር።

ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት የሚያደርገው ወንበሮቹን ቀድሞ መያዝ ነው። መልእክተኛው ይመጣል፣ መቀመጫ ያጣል።

ማዕድናቱ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። መልእክተኞቹ ከነርቩ ጫፍ እንዲወጡ በሩን የሚከፍተው ካልሲየም ነው። የነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ይገባል፤ ያን ጊዜ አሲታይልኮሊን ይለቀቃል። ማግኒዚየም በበኩሉ ካልሲየምን በዚያው በር ላይ ይሻማዋል። ማግኒዚየም ሲበዛ ካልሲየም የሚገባበት መንገድ ይጠባል፣ የሚወጡት መልእክተኞችም ያንሳሉ። በዚህ ላይ ማግኒዚየም ጡንቻው ለመልእክቱ የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ፖታሲየም ደግሞ የነርቭና የጡንቻ ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ሚዛን ጠባቂ ነው፤ በደም ውስጥ ሲያንስ ጡንቻው በቀላሉ የማይነሳሳ ይሆናል።

ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ የማደንዘዣ ባለሙያው ጡንቻውን ለመመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ኒዮስቲግሚን የተባለውን መድኃኒት ነው። ኒዮስቲግሚን መልእክተኛውን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳል። መልእክተኞቹ ሳይጠፉ ይከማቹና ወንበሮቹን ከያዘው መድኃኒት ጋር ተሻምተው ያስለቅቁታል። የልብ ምት እንዳይቀንስ ከእርሱ ጋር አትሮፒን አብሮ ይሰጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አፋችሁ እንደ ጨርቅ የደረቀባችሁ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው አትሮፒን ነው።

ነገር ግን ኒዮስቲግሚን የራሱ የሆነ መልእክተኛ የለውም። የሚሠራው ነርቩ በሚለቃቸው ላይ ነው። ማግኒዚየም በዝቶ በሩ ከጠበበ የሚከማቸው መልእክተኛ ጥቂት ስለሚሆን የኒዮስቲግሚን ጉልበት ይደክማል፣ ጡንቻውም ለመመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ኒዮስቲግሚንን ደጋግሞ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ኢንዛይሙ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከታገደ ተጨማሪው መድኃኒት የሚያግደው ነገር አያገኝም።

ሱጋማዴክስ የተባለው አዲሱ መድኃኒት መንገዱ ይለያል። ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን ራሳቸውን ከብቦ ይይዝና ከወንበሩ ያርቃቸዋል። በመልእክተኞቹ ብዛት ላይ ስላልተመሠረተ ማግኒዚየም ቀድሞ ቢሰጥም እንደ ኒዮስቲግሚን አይደክምም። በአውሮፓ እ.አ.አ. በ2008፣ በአሜሪካ በ2015 ተፈቅዷል። ዋጋው ግን ከኒዮስቲግሚን ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ስለዚህ እንደኛ ባለ አገር ነገሩን ከኒዮስቲግሚን አንጻር ማሰብ ይበልጥ ይጠቅመናል።

የእናቶች መድኃኒት

ማግኒዚየምን በብዛት የሚወስዱት እነማን ናቸው? መልሱ በየወሊድ ክፍሉ አለ። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ሲልና ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው ሕመም ሲከሰት እናቲቱ ወደ መንቀጥቀጥ እንዳትሄድ ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። እ.አ.አ. በ2002 ውጤቱ ይፋ የሆነው ማግፓይ የተባለ ጥናት በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን አሳትፎ፣ መድኃኒቱ የመንቀጥቀጥ አደጋን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ርካሽ ነው፣ ሕይወት ያድናል። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ «ማግኒዚየም አልወጋም» የሚል ሰው ቢገኝ ጽሑፉን በተቃራኒው ተረድቶታል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሲሰጥ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይገባል፤ በብዙ ቦታ ከዚያ በተጨማሪ 5 ግራም በእያንዳንዱ መቀመጫ ይወጋል። የተወጋችው እናት ሰውነቷን ሙቀት ሙቀት ይላታል፣ መርፌውም ያማል፤ ስለዚህ አትረሳውም። ቤተሰብም ያስታውሳል። ሕክምናው ከወሊድ ወይም ከመጨረሻው መንቀጥቀጥ በኋላ ለ24 ሰዓት ይቀጥላል።

አሁን ይህችን እናት አስቡ። በጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን መጠን ተወግታ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተብላለች። ሆስፒታል ስትደርስ በአስቸኳይ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ተወሰነ። ብዙውን ጊዜ በጀርባ በሚሰጠው መርፌ ይሠራላታል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች በጣም ካነሱ፣ ወይም ራሷን ስታ ከሆነ ግን የጀርባው መርፌ ስለማይቻል በአጠቃላይ ማደንዘዣ ትተኛለች። በዚህ ጊዜ ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት ማግኒዚየም ባለበት ደም ውስጥ ይገባል። የተለመደው መጠን ቢሰጣት ከሚጠበቀው በላይ ይቆይባታል፣ በኒዮስቲግሚንም በቶሎ አይመለስላትም።

የማደንዘዣ ባለሙያው ይህን ካወቀ ችግር የለውም። ጡንቻ የሚያላላውን መጠን ይቀንሳል፣ ቱቦውን ለማውጣት አይቸኩልም፣ በማገገሚያ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ ይከታተላታል። ካላወቀ ነው አደጋው። ስለዚህ ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር አለ፤ በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ማግኒዚየም ተሰጥቷል» ብቻ ሳይሆን ስንት ግራም፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት የሚለው ይጻፍ። አብሮ የሚሄደው ባል ወይም እህትም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ከመቀመጥ ይልቅ ለሚቀበለው ባለሙያ በአፉ ጭምር ይንገር።

ሌላው ጥንቃቄ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ነው። ጡንቻዋ ተመልሶ፣ ቱቦው ወጥቶ፣ ወደ ማገገሚያ ክፍል ከተወሰደች በኋላ ቀጣዩ ማግኒዚየም በደም ሥር በፍጥነት ቢገባ ድክመቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጡንቻ ደህና መስሎ በሚታይበት ጊዜም ከወንበሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና በመድኃኒቱ ተይዘው ሊሆን ይችላል። ሥራው የሚሄደው በተረፉት ነው። በዚያ ላይ መልእክተኛው ሲቀንስ የተረፉት አይበቁም። እንዲህ ያለው ነገር በሱጋማዴክስ ከተመለሱ ታካሚዎችም ላይ ታይቷል። ማግኒዚየሙ ይቆም ማለት ግን አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይግባ፣ እናቲቱም ሰው በሚያያት ቦታ ትሁን።

በጤናማ ሰው ደም ውስጥ የማግኒዚየም መጠን በሊትር ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሞል ገደማ ነው። ለሕክምና ሲሰጥ ወደ 2 እና 3.5 ይደርሳል። ከዚያ ሲያልፍ ጉልበትን በትንሽ መዶሻ ሲመቱት እግር የሚወረወርበት ምላሽ ይጠፋል፤ ከ5 በላይ ሲሆን ትንፋሽ ይደክማል። ስለዚህ ነርሷ መዶሻ ይዛ መምጣቷ ያለ ነገር አይደለም፤ በየቦታው የደም ምርመራ ማድረግ ባይቻልም መዶሻው ቀድሞ ያስጠነቅቃል። በጀርባዋ መርፌ የተወጋች እናት ግን እግሯ ስለደነዘዘ ጉልበቷ መልስ አይሰጥም፤ የእሷ የሚታየው በክንዷ ነው። ከመዶሻው ሌላ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ ሽንቷም በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳይቀንስ ይታያል። ማግኒዚየም የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ሲቀንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ 1 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። አሁን ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ በሩን የሚከፍተው ካልሲየም ነውና።

በወሊድ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደም በከረጢቱ ውስጥ እንዳይረጋ ሲትሬት የተባለ ኬሚካል ይጨመርበታል። ብዙ ከረጢት ደም በጥድፊያ ሲሰጥ ሲትሬቱ የታካሚዋን ካልሲየም ይይዝባታል። ማግኒዚየም ከፍ፣ ካልሲየም ዝቅ ሲል ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ጡንቻን ያደክማሉ።

ፖታሲየም ሲያንስ

በሆስፒታሎቻችን የአንጀት መጠምዘዝ የሚያጋጥማቸው ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። ከሩቅ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን ሲያስታውኩ ቆይተው ነው የሚደርሱት። በማስታወክና በተቅማጥ ብዙ ፖታሲየም ይወጣል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ኖሯቸው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚወስዱትም እንዲሁ ፖታሲየማቸው ሊወርድ ይችላል። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት ውጤቱ ይጠነክራል፣ ኒዮስቲግሚን ደግሞ የተለመደውን ያህል አይሠራም።

እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚበሳጭበት ነገር አለ። «አንጀቱ ተጠምዝዟል ተብሎ ለምን ግሉኮስ ይሰቅሉበታል? ለምን ወዲያው አያስገቡትም?» ይላሉ። የተሰቀለው ብዙ ጊዜ ግሉኮስ ብቻ አይደለም፤ የጠፋው ውኃና ፖታሲየም እየተተካ ነው። ፖታሲየም በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ሰዓታት ይፈጃል። አንጀቱ ሞቷል ተብሎ ከተጠረጠረ መጠበቅ አይቻልም፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፣ ማስተካከሉ በክፍሉ ውስጥ ይቀጥላል። መቼ መጠበቅ፣ መቼ መግባት እንደሚሻል የሚወስኑት በዚያች ሰዓት ታካሚውን ያዩት ሐኪሞች ናቸው።

የፖታሲየም መብዛትም የራሱ ጣጣ አለው። ሰክሲኒልኮሊን የተባለው ፈጣን ጡንቻ አላዪ መድኃኒት ፖታሲየምን ከጡንቻ ወደ ደም ያወጣል። ከጥቂት ቀናት በፊት ሰፊ ቃጠሎ ለደረሰበት ወይም አካሉ ሽባ ሆኖ ለተኛ ሰው ይህ ለልብ አደገኛ ነው። ይህ መድኃኒት በኒዮስቲግሚን የሚመለስም አይደለም።

ሙዝ በልቼ፣ ወይም የማዕድን እንክብል ገዝቼ ራሴን ላዘጋጅ የሚል ሰው አይጠፋም። አያስፈልግም። ማስተካከል ካለበት በምርመራ ታይቶ በሐኪም ይስተካከላል። ይልቅ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማደንዘዣ ባለሙያው ሲጠይቅዎ የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ እንክብል ወይም ፈሳሽ (በተለይ የኩላሊት ሕመም ካለብዎ)፣ ሰሞኑን የወሰዱት ጄንታማይሲን መርፌ፤ ይህ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት እንደ ማግኒዚየም ሁሉ የመልእክተኛውን መለቀቅ ይቀንሳል። ኮሶ ጠጥተው ሆድዎ ሲሄድ ሰንብቶ ከሆነም ይናገሩ። ሐኪም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይናገሩ።

አስታማሚ ምን ይመልከት?

የጡንቻ መመለስን በትክክል የሚለካው በእጅ አንጓ አጠገብ የሚገኘውን ነርቭ በአራት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረቶች የሚቀሰቅስ አነስተኛ መሣሪያ ነው። አራተኛው የአውራ ጣት እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው ቢያንስ 90 በመቶ ሲደርስ ጡንቻው ተመልሷል ይባላል። ለቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ። በሌለበት ታካሚው ጭንቅላቱን ከትራስ ለ5 ሰከንድ ቀና አድርጎ እንዲያቆይና እጅ ጨብጦ እንዲይዝ ይጠየቃል። ይህ ይረዳል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱን ቀና ያደረገ ሰው ሁሉ የጉሮሮው ጡንቻ ተመልሶለታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ አስታማሚ ሆነው አጠገቡ ከተቀመጡ እነዚህን ልብ ይበሉ። የዓይኑ ቆብ እየወደቀበት ወይም አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ እየታየው ነው? ድምፁ ቀጥኖ፣ ቃላቱ ተኮላትፈዋል? ምራቁን መዋጥ አቅቶት በከንፈሩ ጥግ ይፈሳል? ደረቱ ሳይነሳ ሆዱ ብቻ እየዘለለ ይተነፍሳል? ከእነዚህ አንዱን ካዩ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አይበሉ፤ ነርስ ይጥሩ። ሰውየው እየተወራጨ መናገር ካቃተው ሁሉም ወዲያው «አመመው» ይላል፣ የሕመም ማስታገሻ ይጠየቅለታል። ሕመም ሊሆን ይችላል። አየር ያጠረው ሰውም ግን እንዲሁ ይወራጫል፣ የሚያስተኛ ማስታገሻ ሲጨመርለት ደግሞ ትንፋሹ የባሰ ይቀንሳል። አጥሚቱም ይቆይ። ምራቁን መዋጥ ያልቻለ ሰው የተሰጠውን ፈሳሽ ወደ ሳንባው ነው የሚያስገባው።

አንዳንድ ጊዜ ባለሙያዎቹ ጡንቻው በበቂ አልተመለሰም ብለው ቱቦውን ሳያወጡ ታካሚውን ለሰዓታት በመተንፈሻ መሣሪያ ያቆዩታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ «ሳይነቃ ቀረ» የሚል ወሬ ከክፍሉ በር እስከ ግቢው ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ እየሆነ ያለው ሌላ ነው። ጡንቻን የሚያላላው መድኃኒት በጉበትና በኩላሊት በኩል፣ አንዳንዱም ራሱ በደም ውስጥ እየፈረሰ፣ ከጊዜ ጋር ይወጣል፤ ማግኒዚየሙም በሽንት ይቀንሳል፣ ፖታሲየሙም ይተካል። እስከዚያ መሣሪያው ይተነፍስለታል፣ እንዳይጨነቅም የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። በመካከሉ ቀርበው ሊያነጋግሩት ይችላሉ፤ መልስ መስጠት ባይችልም ሊሰማዎት ይችላል።